«ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም»፦ የአእምሮ ንብረት መብት የማን ሲሳይ ነው?

(ይህ ጽሑፍ ደራስያን፣ ድምፃውያንና የሕግ ተማሪዎች በተገኙበት የውይይት መድረክ ላይ አንድ ጠበቃ ያደረጉት ንግግር ነው። ለኅትመት እንዲመች ጥቂት አሳጥረነዋል። ― ዝግጅት ክፍሉ)

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት አንድ ወረቀት ላሳያችሁ። ይህ እጄ ላይ ያለው፣ እጥፋቱ ሊቀደድ የደረሰው ወረቀት ውል ነው። በካርቦን የተቀዳ ግልባጭ ነው። ግማሽ ገጽ እንኳን አይሞላም። ሁለት ምስክሮች ፈርመውበታል፤ ከታች ደግሞ እኔ ፈርሜያለሁ። ዘመኑ 1985 ዓ.ም. ነው።

በዚያን ጊዜ የስድስት ኪሎ ተማሪ ነበርኩ። የዘፈን ግጥም እሞካክር ነበር። አንዱን ግጥሜን አንድ ሙዚቃ ቤት በ150 ብር ገዛኝ፤ የቤቱን ስም ማንሳት አያስፈልግም። 150 ብር በዚያን ዘመን ለተማሪ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ጫማ ገዛሁበት፣ ጓደኞቼን ጋበዝኩበት፤ ጉራዬማ አይነገርም! ካሴቱ ወጣና ዘፈኑ ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ቤት፣ ሠርግ ቤት ይሰማ ጀመር። የካሴቱን ሽፋን ገልብጬ ስሜን ፈለግሁ። የለም። ሄጄ ብጠይቅ ባለቤቱ ፈገግ አለና ይህንኑ ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቶ አንዱን መስመር በጣቱ አሳየኝ። «ከዛሬ ጀምሮ በግጥሙ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» ይላል። ፊርማው የእኔ ነው። ምን ልበል? ጫማዬን እያየሁ ወጣሁ።

ይህን ያነሳሁት የድሮ ቂም ለማወራረድ አይደለም። እንዲያውም ሰውዬው አላጭበረበረኝም። ዋጋ ጠራ፣ እሺ አልኩ፣ ከፈለ፣ ፈረምኩ። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሌባ የለም፣ ሕግ የጣሰ የለም፤ ግን ግጥሙን የጻፈው ሰው ባዶ እጁን ቀረ።

ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ የአእምሮ ንብረት መብት የሚጠቅመው ግለሰቡን ነው ወይስ ኩባንያውን የሚል ነው። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁና ከዚያ እንከራከርበት። መብቱ የሚወለደው በግለሰቡ ስም ነው፤ የሚያድገውና የሚወፍረው ግን በኩባንያው ቤት ነው። ለምን ቢባል፣ መብቱ የሚሸጥ ነገር ነው። የሚሸጥ ነገር ሲኖር ደግሞ ቀድሞ የሚሸጠው የቸገረው ሰው ነው፤ የሚሸጠውም የዕቃውን ዋጋ ገና ሳያውቅ ነው።

የሰሎሞን ሊንዳ አሥር ሽልንግ

ከእኔ ተራ ታሪክ ወደሚበልጠው ልውሰዳችሁ። ሰሎሞን ሊንዳ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ዙሉ ነበር። ከገጠር ወደ ጆሃንስበርግ እንጀራ ፍለጋ የወጣ ሰው ነው። ቀን በአንድ የሸክላ ኩባንያ ውስጥ ሸክላ እያሸገ፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ይዘፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 የዚያው ኩባንያ ስቱዲዮ ገብተው «ምቡቤ» የሚል ዘፈን ቀረጹ። ምቡቤ በዙሉ ቋንቋ አንበሳ ማለት ነው። ሸክላው በአፍሪካ ገበያ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ቅጂ እንደተሸጠ ይነገራል። ለሊንዳ የተከፈለው 10 ሽልንግ ነው።

በ1950ዎቹ መባቻ ሸክላው አሜሪካ ደረሰ። ዊቨርስ የሚባለው የዘፋኞች ቡድን «ዊሞዌህ» ብሎ ተጫወተው። የዙሉውን ቃል አጥርተው ባለመስማታቸው የወጣ ስም ነው። የዘፈኑ ደራሲ ሲመዘገብስ ማን ተባለ? «ፖል ካምቤል» ተባለ። ጎበዝ! ፖል ካምቤል የሚባል ደራሲ አልነበረም። ቡድኑ ባለቤት የላቸውም ብሎ ከሚጫወታቸው ዘፈኖች ገቢ ለመሰብሰብ የፈጠረው ስም ነው። የሌለ ሰው ባለመብት ሲሆን፣ ያለው ሰው ጆሃንስበርግ ተቀምጦ ሸክላ ያሽግ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1961 ቶክንስ የተባሉት ወጣቶች እንግሊዝኛ ግጥም ተጨምሮለት «ዘ ላየን ስሊፕስ ቱናይት» ብለው ተጫወቱት፤ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። በዓመቱ፣ በ1962፣ ሊንዳ በድህነት ሞተ። መቃብሩ ላይ ድንጋይ የሚያቆም ገንዘብ ጠፍቶ 18 ዓመት ያለ ሐውልት ቆየ። በ1994 ደግሞ የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ «ዘ ላየን ኪንግ» የተባለውን ፊልም ሲያወጣ ያ ዘፈን ገባበት። ጉዳዩን የተከታተለው ደቡብ አፍሪካዊ ጋዜጠኛ ሪያን ማላን በ2000 ባወጣው ጽሑፍ፣ ዘፈኑ ከዚሁ ፊልም ጋር በተያያዘ ብቻ 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዳስገኘ ገምቷል። አሥር ሽልንግና 15 ሚሊዮን ዶላር! ልዩነቱን እናንተው አስሉት።

እስካሁን የነገርኳችሁን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። እንድታዳምጡኝ የምፈልገው የሚቀጥለውን ነው። የሊንዳ ልጆች በመጨረሻ ገንዘብ አገኙ። በምን? ሰሎሞን ሊንዳ በፈረመው ውል ስህተት ተገኝቶ ነው? አይደለም። ዓለም ስላዘነላቸው ነው? ሐዘንማ ድሮም ነበረ። ያገኙት በአንዲት አሮጌ የሕግ አንቀጽ ነው።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1911 ያወጡትና በቅኝ ግዛቶቻቸውም የሠራው የቅጂ መብት ሕግ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይዟል። ደራሲው በሕይወቱ ሳለ መብቱን ቢሸጥ እንኳን፣ ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ መብቱ ለወራሾቹ ይመለሳል ይላል። «ለዘላለም ሸጫለሁ» ብሎ ቢፈርምም ያው ነው፤ ይመለሳል። ሊንዳ በ1962 ከሞተ በ1987 መብቱ ወደ ቤተሰቡ ተመልሷል ማለት ነው። ልጆቹ አላወቁም፤ ማን ይንገራቸው? አንድ የሕግ ሊቅ አንቀጿን አቧራ አራግፎ አወጣትና በ2004 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዲዝኒ ተከሰሰ። ፍርድ ቤቱም ኩባንያው በዚያ አገር ያስመዘገባቸውን ከ200 በላይ የንግድ ምልክቶች በመያዣነት አሳገደ። ሚኪ ማውስ በአንድ ሸክላ አሻጊ ልጆች እጅ ተያዘ እንደማለት ነው! በ2006 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ ቤተሰቡ ላለፈው ካሳ፣ ለሚመጣው ድርሻ እንዲያገኝ ሆነ። የሊንዳ ስምም ከደራሲዎቹ ጋር ተጻፈ።

ወገኖቼ፤ ልብ በሉ። እነዚያን ልጆች ያዳናቸው «መብት አለህ» የሚለው ሕግ አይደለም። ሊንዳማ መብት ነበረው፤ ሸጠው እንጂ። ያዳናቸው «ብትሸጠውም ይመለስልሃል» የሚለው ሕግ ነው። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ሕጉስ ድሮ ለማን ወጣ?

የቅጂ መብት አባት የሚባለው ሕግ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1710 የወጣው ነው። ከዚያ በፊት በለንደን መጽሐፍ የማተም መብት የአታሚዎችና የመጽሐፍ ነጋዴዎች ማኅበር ነበር፤ ደራሲ የሚባለው የእጅ ጽሑፉን አንዴ ሸጦ የሚሄድ ሰው ነው። ለዚህ ሥርዓት ዋስትና የነበረው የፈቃድ ሕግ በ1695 ሲያበቃ ነጋዴዎቹ ፓርላማውን ደጅ ጠኑ። «ለእኛ ጥቅም» ቢሉ ማን ይሰማቸዋል? «ለድሃው ደራሲ» አሉ! እስከ ዛሬም ድረስ ኩባንያ ፓርላማ ደጅ ሲጠና የሚይዘው የደራሲውን ፎቶግራፍ ነው።

ፓርላማው ግን የዋህ አልነበረም። ለ14 ዓመት መብት ሰጠና «ደራሲው በሕይወት ካለ መብቱ ወደ እርሱ ተመልሶ ሌላ 14 ዓመት ይቆያል» አለ። አያችሁ? የመመለስ ሐሳብ ከሕጉ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ነጋዴዎቹ ምን አደረጉ? የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም ዘመን አንድ ላይ በአንድ ፊርማ መግዛት ጀመሩ። «ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» የሚለው መስመር የእኛ ሙዚቃ ቤት ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ ከ300 ዓመት በላይ አርጅቷል።

አሜሪካኖቹ ከዚህ ተምረው ይመስላል፣ በ1976 ባወጡት ሕግ ደራሲ መብቱን ከሸጠ ከ35 ዓመት በኋላ ሊያስመልስ እንደሚችል ደነገጉ። በውል «አላስመልስም» ብሎ ቢፈርምም አይጸናበትም። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ ተውለት፤ ተቀጥሮ የሠራ ሰው ይህ መብት የለውም፤ ሥራው ከመጀመሪያውም የቀጣሪው ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምር። በ1998 የአሜሪካ ምክር ቤት የቅጂ መብትን ዘመን በ20 ዓመት አራዘመ፤ የኩባንያ ሥራ ከታተመ ጀምሮ 95 ዓመት ሆነ። ለዚህ ከወተወቱት መካከል ዲዝኒ አንዱ ነበር። የሚኪ ማውስ የመጀመሪያው የታወቀ ፊልም የ1928 ስለሆነ ጥበቃው ሊያበቃ ተቃርቦ ነበርና ነው። በዚህ የተነሳ ነጻ የወጣው ጥር 1 ቀን 2024 ሆነ። ምክንያቱ «ፈጣሪን ለማበረታታት» ተባለ። ዋልት ዲዝኒ የሞተው በ1966 ነው። የሞተን ሰው አበረታትቶ አዲስ ሥዕል ያሣለ ምክር ቤት ካለ ንገሩኝ።

«ይህ የድሆች ችግር ነው» የምትሉም አትጠፉም። ቴይለር ስዊፍትን ወጣቶቹ ታውቋታላችሁ። ከዓለም ባለጸጋ ዘፋኞች አንዷ ናት። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አልበሞቿ ማስተር ቅጂ ባለቤት ግን አሳታሚው ኩባንያ ነበር። ኩባንያው በ2019 ሲሸጥ አብሮ ተሸጠ፤ በ2020 ደግሞ ለሌላ ተላለፈ። እሷ ተቀምጣ የምታይ ሆነች። ከዚያ ከ2021 ጀምሮ የገዛ ዘፈኖቿን እንደገና እየዘፈነች አሳተመች፤ በግንቦት 2025 የድሮዎቹን ማስተሮች ገዛች። የራሷን ድምፅ በራሷ ገንዘብ! እሷ መግዣ ነበራት። የእኛ አገር ድምፃዊ በምን ይግዛ?

ወደ ቤታችን ስንመለስ

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ሕግ የለንም እንዳትሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይደነግጋል። እኔ ያንን ውል ስፈርም በሥራ ላይ የነበረው እሱ ነው። ከዚያ በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ።

አዋጁ ጥሩ ነገር አለው። መብቱ ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው፤ በቃል «ሰጥቶኛል» ማለት አይበቃም። ስምህ እንዲጠቀስ የመጠየቅ የሞራል መብት ደግሞ በሕይወትህ ሳለህ ለማንም አይተላለፍም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም! ግጥምህን ብትሸጥ ስምህን አልሸጥክም።

ክፉ ነገሩ ምንድነው? ቅጣቱን እዩት። ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ይህ በትር የሚያርፈው በማን ላይ ነው? በሲዲው ዘመን መርካቶና ፒያሳ ሲዲ በካርቶን ይዞ በሚያዞር ልጅ ላይ ነው። ልጁ ጥፋተኛ አይደለም አልልም። የሰው ላብ እየሸጠ ነበርና ጥፋተኛ ነው። ግን ንገሩኝ፤ አንድን ዘፈን አባዝቶ ጥቂት ብር ያተረፈው ወህኒ ሲወርድ፣ የዘፈኑን ዕድሜ ልክ ገቢ በአንድ ጫማ ዋጋ የወሰደው ለምን የክብር እንግዳ ይሆናል? አንዱ ስርቆት ነው፣ ሌላው ንግድ ነው ትሉኛላችሁ። እሺ። ግጥሙን ለጻፈው ሰው ልዩነቱ ምንድነው?

ሁለተኛው፣ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የሚፈጥረው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የኢኮኖሚ መብቱ የቀጣሪው ነው። በአገራችን ለረጅም ዘመን የኪነ ጥበብ ሰው ትልቁ ቀጣሪ ማን ነበር? መንግሥት ነው። ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ቴአትር ቤቱ፣ የክቡር ዘበኛው፣ የፖሊሱ፣ የምድር ጦሩ ኦርኬስትራ የመንግሥት ነበር። ስለዚህ በእኛ አገር ጥያቄው ግለሰብ ወይስ ኩባንያ ብቻ ሆኖ አያበቃም። ሦስተኛ ባለድርሻ አለ፤ እሱም ሕጉን የሚያወጣው ራሱ ነው።

ሦስተኛው፣ ያ የሊንዳን ልጆች ያዳነው ዓይነት አንቀጽ ነው። በአዋጃችን ውስጥ «ምንም ብትፈርም፣ ይህን ያህል ዓመት ሲሞላ መብትህ ይመለሳል፣ በውል ልታስቀረው አትችልም» የሚል ነገር ፈለግሁ፤ አላገኘሁበትም። ከውጭ ሕግ ስንቀዳ ቅጣቱን ቀዳን፣ ዘመኑን ቀዳን፤ መድኃኒቱን ግን ትተነው መጣን።

«ካሴት ሞቷል፣ ሲዲም ሞቷል፣ አሁን ዘመኑ የዩቲዩብ ነው» የሚሉኝ አሉ። ልክ ነው፤ ካሴቱ ሞቷል። ውሉ ግን አልሞተም! እንዲያውም አድጓል። የእኔ ግማሽ ገጽ ነበር፤ ዛሬ ቢሮዬ የሚመጡት ውሎች አራትና አምስት ገጽ ናቸው። «አሁን ባለውና ወደፊት በሚፈጠር በማናቸውም ቴክኖሎጂ» የሚል ሐረግ ተጨምሮባቸዋል። ገና ያልተወለደ ቴክኖሎጂ ተሽጧል ማለት ነው። አንድ አዛውንት የግጥም ደራሲ ዘንድሮ ቢሮዬ መጥተው የልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ የድሮ ዘፈናቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ሚሊዮን ጊዜ ታይቷል። «ልጄ፣ ከዚህ ውስጥ የእኔ የትኛው ነው?» አሉኝ። ውላቸውን አነበብኩት። ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

እንጀራችንም ተፈርሞበታል

ነገሩ ዘፈን ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ዘፈን የአንድ ሰው ነው፤ ጤፍ ግን ደራሲው ሕዝብ ነው። ለሺህ ዘመን ዘሩን እየመረጠ፣ እየለየ፣ ከጎረቤት እየተለዋወጠ ያቆየው ገበሬ ነው። በዚህም ላይ ወረቀት መጣ።

እ.ኤ.አ. በ2005 የመንግሥታችን የብዝሀ ሕይወት ተቋም ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር፣ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከሚባለው ጋር፣ ስለ ጤፍ ውል ተፈራረመ። ኩባንያው ዘሩን ይጠቀማል፤ ኢትዮጵያ ከትርፉ ድርሻ ታገኛለች ተባለ። በዓለም የምሳሌ ውል ተብሎ ተወደሰ። በዘረ መል ሀብትና በማኅበረሰብ እውቀት ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ገና አልወጣም ነበር፤ እሱ የወጣው በዓመቱ በ1998 ዓ.ም. ነው። ቀድሞ ፊርማ፣ ቀጥሎ ሕግ!

ለካስ ኩባንያው ከውሉ በፊት በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ ኖሯል። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት ሰጠው። ፓተንቱ ዱቄቱን ብቻ ሳይሆን ሊጡንና ከእሱ የሚጋገረውንም ይነካ ነበር። በ2009 ኩባንያው ከሠረ። የውሉ ግዴታ አብሮት ተቀበረ፤ ፓተንቱ ግን አልተቀበረም፤ በሌሎች ኩባንያዎች እጅ ቆየ። ከዚያ ሁሉ የትርፍ ክፍፍል ለኢትዮጵያ ደረሰ የተባለው ገንዘብ 4 ሺህ ዩሮ ያህል ነው። ግዴታ ሟች፣ መብት ዘላለማዊ!

ፓተንቱን በኔዘርላንድስ የጣለውስ ማነው? እኛ አይደለንም። ባለ ፓተንቱ ኩባንያ ሌላ የዳቦ ግብዓት አምራች ኩባንያ ጋር ተካሰሰና የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2018 «ይህ የፈጠራ ደረጃ የለውም» ብሎ ሻረው። ሁለት ኩባንያዎች ሲጣሉ እንጀራችን ነጻ ወጣ። የእኛ ባለሥልጣናት መግለጫ አወጡ፤ ደስ አለን። እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የጎጃምና የአድአ ገበሬ በፍርድ ቤቱ ውስጥ ወንበር አልነበረውም፤ ሲፈረምም፣ ሲሻርም አልተጠራም።

ከሊንዳ ታሪክ ጋር አስተያዩት። እዚያም እዚህም ፈጣሪው አንድ ነው፤ ወረቀቱን የያዘው ሌላ ነው። ከመብቱ የሚጠቀመው የፈጠረው ሳይሆን ወረቀቱን የያዘውና ጠበቃ የመቅጠር አቅም ያለው ነው። ጠበቃ ሆኜ ይህን መናገሬ ገበያዬን ሊጎዳ ይችላል፤ ይጉዳው።

ታዲያ መብቱ ይቅር?

«እንግዲያው የአእምሮ ንብረት የሚባለውን ነገር ሁሉ እንጣለው» የሚል ወጣት ባለፈው ተከራክሮኝ ነበር። አይሆንም። ሕጉ ሳይኖር የምናውቀውን ዘመን አንርሳ። አንድ ካሴት ሰኞ ወጥቶ ማክሰኞ ቅጂው በየመንደሩ ሲሸጥ ድምፃዊው ከሙዚቃ ቤቱ ጋር አብሮ ነው የተራበው። ደራሲ ቤት፣ መኪና፣ መሬት ላይኖረው ይችላል፤ የፈጠረው ነገር ግን አለው። ያችንም ንብረት አይደለችም ካልን ለድሃው ምን ቀረለት? መብት በሌለበት ሜዳ አሸናፊው ባለ ማባዣ ማሽኑ ነው፤ መብቱ ያለ ገደብ በሚሸጥበት ሜዳ ደግሞ አሸናፊው ባለ ውሉ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ አትበሉኝ። ሦስተኛ መንገድ አለና።

ሦስተኛው መንገድ ምን ይመስላል? አራት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ምክር ቤቱ አዋጁን ያሻሽል፤ ደራሲና ድምፃዊ የሸጠው መብት ከተወሰነ ዘመን በኋላ እንዲመለስለት፣ ይህንንም በውል ማስቀረት እንዳይቻል ይደንግግ። ከ1710 ጀምሮ ሌሎች አገሮች የሞከሩት ነው፤ ሰማይ አልተደፋም። ነጋዴው እንዳይጎዳ ዘመኑ 20 ዓመትም ይሁን 25፣ እንነጋገርበት።

ሁለተኛ፣ «አንዴ ከፍሎ መገላገል» ይቅር። ክፍያው ሥራው በሸጠ መጠን ይሁን። ዘፈኑ ካልሸጠ ነጋዴው አይከፍልም፤ ከሸጠ ደራሲው አብሮ ይብላ። ይህ ምጽዋት አይደለም፣ ድርሻ ነው።

ሦስተኛ፣ የተሻሻለው አዋጅ በጋራ የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡ ማኅበራት እንዲቋቋሙ መንገድ ከፍቷል። መልካም ነው። ነገር ግን ሰብሳቢው ሒሳቡን በየዓመቱ ለአባላቱ ያሳይ። የእያንዳንዱ ዘፈን ገቢ ስንት ነው? ለማን ተከፈለ? ለአስተዳደር ስንት ወጣ? ይህ ካልታየ አንዱን አሳታሚ በሌላ አሳታሚ ተክተን መግባታችን ነው። በማኅበር ስም የሚበላ ገንዘብ ከኩባንያ ጉሮሮ ይልቅ አይጣፍጥም፤ ለሚበላበት ሰው ያው ነው።

አራተኛ፣ መንግሥት በሕዝብ እውቀትና ዘር ላይ ሲፈርም ውሉን ከመፈረሙ በፊት ያውጣው። ጋዜጣ ላይ ይውጣ፣ ገበሬው ይጠየቅ። የጤፉ ውል አደባባይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ «ለመሆኑ ኩባንያው ፓተንት አመልክቷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው እንኳን አይጠፋም ነበር።

እዚህ የተገኛችሁ ጋዜጠኞችም አትቀየሙኝ። ለአምድ ጸሐፊዎቻችሁ ውል አላችሁ? ጽሑፋቸው ነገ መጽሐፍ ቢሆን ገቢው የማን ነው? ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ጓዳ እንይ። (ሳቅ)

መደምደሚያ

ክቡራንና ክቡራት፤ ሕግ እስኪሻሻል ድረስ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለው ብዕራችን ነው። ወጣት ደራሲዎችና ድምፃውያን፣ ውል ሲቀርብላችሁ ሦስት ነገር ፈልጉ። ዘመኑ ተጽፏል ወይ? ካልተጻፈ አጽፉ። ስሜ ይጠቀሳል ወይ? ካልተጻፈ አጽፉ። ከዚያ «ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» የምትለውን መስመር ፈልጓት። መኖሯ አይቀርም። ስታገኟት ሰርዟት። ነጋዴው እምቢ ካለ ግጥሙን ይዛችሁ ውጡ። ርቧችሁ ሊሆን ይችላል፤ አውቃለሁ፣ እኔም ርቦኝ ነበር። ጫማው ግን በዓመቱ አለቀ፤ ዘፈኑ እስከ ዛሬ ይዘፈናል።

ይህን ወረቀት ይህን ሁሉ ዘመን ያቆየሁት ለዚህ ቀን ይመስለኛል። ያኔ የ22 ዓመት ልጅ ሆኜ ጥያቄ አላነሳም ብዬ ፈርሜያለሁ። ዛሬ በእናንተ ፊት ፊርማዬን አነሳለሁ። እኔ ጥያቄ አለኝ።